እግር ስበርልኝ ተብዬ የተለመንኩ ዕለት

ዛሬ ካልሲ ለማጥለቅ ጎንበስ ስል ልጆቼ «አባባ ተወው፣ እኛ እናጥልቅልህ» እያሉ የሚሻሙብኝ ሰውዬ፣ አንድ ዘመን ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ ያሉ አጥቂዎች ስሜ ሲነሳ ቅልጥማቸውን የሚዳብሱልኝ ጉድ ነበርኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ባታምኑም አልቀየምም። ባለቤቴም አታምንም። እሷ የምታውቀው ድመት መንገድ ስታቋርጥ እንኳ ቆሞ የሚያሳልፈውን ሰይፉን ነው።

ያኔ ግን ሰይፉ ብሎ የሚጠራኝ አልነበረም። ስሜ «ገልባጭ» ነበር፤ እንደ አሸዋ መኪናው። የናዝሬቱ ፋብሪካችን ቡድን ግራ ተመላላሽ ነበርኩ። ተመላላሽ ማለት ያው፣ ከኋላ እየተከላከለ ቀዳዳ ሲያገኝ ወደ ፊት የሚሄድና ተመልሶ ቦታውን የሚይዝ ነው። እኔ መሄዱን በደንብ ተምሬዋለሁ፤ መመለሱን ያስተማሩ ዕለት ግን ሳልቀር አልቀረሁም። ኳስ እግሬ ሥር ከገባች የሚያቆመኝ የተጋጣሚ ግብ ጠባቂ ብቻ ነበር። አሰልጣኛችን ጋሽ በየነ ከመስመር ውጭ ሆኖ «ቤትህን ክፍት ትተህ የት ትሄዳለህ አንተ ሰውዬ!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮህብኝ ነበር።

ዝናዬን በተመለከተ አንድ ነገር ላስቀድም። የሰው እግር ሰብሬ አላውቅም። በኃይል እገባ ነበር፤ ሰው እጥል ነበር፤ አብሬም እወድቅ ነበር። ታዲያ አንድ ጊዜ አርሲ ነገሌ ተጫውተን ሳለ፣ ስታገለው የዋልኩት አጥቂ ጨዋታው አልቆ፣ ታጥቦ፣ ጠጅ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከጋሪ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወሬው ናዝሬት ሲደርስ ጋሪው ጠፍቶ እኔ ቦታውን ይዤ ነበር። «ገልባጭ ሰበረው!» ተባለ። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። አፍሮዬን አበጠርኩና በዋናው መንገድ ላይ ዝግ ብዬ ተራመድኩ። ሰው ሲፈራችሁ እንዴት ደስ እንደሚል አትጠይቁኝ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ በየቀበሌው የወጣቱ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ይሄዳል። እኛ የፋብሪካ ተጫዋቾች «ለምርት ያስፈልጋሉ» ተብለን ለጊዜው ታልፈናል። ምን ታመርት ነበር ብትሉኝ፣ አቧራ።

አንድ ቅዳሜ ከዝዋይ ቡድን ጋር ለመጫወት በፋብሪካው የጭነት መኪና ተጭነን ወረድን። ዝዋይ ማለት ዛሬ ባቱ የምትሏት ናት። ጨዋታው እሁድ ከሰዓት ስለሆነ ማደሪያ የሰጡን አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ዴስኮቹን ጥግ አስይዘን ፍራሽ አነጠፍን። ጓደኞቼ ዓሣ ሊበሉ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ እኔ የተተረተረ ታኬታዬን ልሰፋ ቀረሁ። ከመርፌው ጋር ስታገል አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ረጅምና ቀጭን ናቸው። እጃቸው ግን ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስላል፤ ሰፊ፣ በቅቤ የወዛ።

«ገልባጭ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ነኝ አባቴ፣ ይግቡ» አልኩ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«ሁንዴ እባላለሁ። የዚህ አገር ወጌሻ ነኝ። የተሰበረ እጠግናለሁ፣ የወለቀ እመልሳለሁ።»

«እንግዲያማ ኦቦ ሁንዴ፣ ነገ ሥራ ላበዛብዎ ነው!» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቁም። ገቡና ዴስክ ላይ ተቀመጡ። «እሱን ልለምንህ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ልጄን አደራ፣ እንዳትጎዳብኝ» ሊሉኝ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ልመና ለምጃለሁ፤ እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው።

«ነገ በአንተ በኩል የሚመጣ ለማ የሚባል ልጅ አለ። ልጄ ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ እኔና እሱ ብቻ ነን። ስሙ ተጠርቷል። ሰኞ ጠዋት መኪና መጥቶ ይወስደዋል።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ማሎ፣ ልጄ» አሉኝ፤ እባክህ ማለታቸው ነው። «ነገ እግሩን ስበርልኝ።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

«ምን አሉኝ?»

«የተሰበረ አይወስዱም። እስኪድን ድረስ ደግሞ እግዜር ያውቃል። እኔ እጠግነዋለሁ።»

«እርስዎ እኮ ወጌሻ ነዎት፤ ታዲያ ለምን ራስዎ...» ብዬ አፌን ያዝኩ።

«ቤት ውስጥ ቢሰበር ከግዳጅ ሊሸሽ ነው ብለው አባትና ልጅ ያስሩናል። ጣቱን የቆረጠ የጎረቤት ልጅ ምን እንደደረሰበት አይቻለሁ። ሜዳ ላይ ሲሆን ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። አንተ እግር ሰባሪ መሆንህን ደግሞ አገር ያውቃል። ማን ይጠረጥራል?»

«ኦቦ ሁንዴ፣ እኔ እኮ የሰው እግር ሰብሬ አላውቅም። የአርሲ ነገሌው ልጅ የወደቀው ከጋሪ ነው» አልኳቸው።

ያን እውነት ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትሕትናህ መልካም ነው» አሉኝ። አያችሁ ጉዴን? ስዋሽ ያመነኝ አገር እውነት ስናገር አላመነኝም።

«ለማ ያውቃል?»

«ቢያውቅማ ይሸሽሃል። እግሩን ይወዳል።» ተነሥተው በርከክ አሉና የእኔን እግር ያዙ። አውራ ጣታቸው ቅልጥሜ ላይ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ቆመ። «እዚህ ጋ። ከጉልበቱ በታች፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ። ጉልበቱን እንዳትነካብኝ፤ ጉልበት እኔም አልመልሰውም። እዚህ ከሆነ ግን እንደ ድሮው ሆኖ ይሮጣል።»

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። እሳቸው ግን ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥረው፣ መርቀውኝ ወጡ። ለመስበር ተመርቄ ሳድር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ የሐይቁ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይደፋው ነበር። የቀበሌው ሹማምንት ጥላ ሥር ወንበር ተደርድሮላቸዋል። ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አስተጋባንና ጨዋታው ተጀመረ። ኦቦ ሁንዴ ከእኔ መስመር ትይዩ ቆመዋል፤ እግራቸው ሥር አንድ የጨርቅ ከረጢት አለ።

ለማን ያኔ አየሁት። ጢም የሚባል ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ቁመቱ የአባቱ። ኳስ እንዳገኘ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ የማየው ኳሷን ብቻ ነው፤ ሰውየው ከኋላዋ ተጭኖ የመጣ ዕቃ ነው። ያን ዕለት ግን ዓይኔ ኳሷን ትቶ የልጁ ቅልጥም ላይ አረፈ። ተከላካይ ቅልጥም ማየት ከጀመረ አለቀለት። በግራ ሄደ ስል በቀኝ አልፎኝ ነበር።

«ገልባጭ! ነዳጅ አለቀብህ እንዴ?» ብሎኝ ሄደ።

ሕዝቡ አወካ። ደግሞ መጣ። ደግሞ አለፈኝ። ሲያልፈኝ ምን ያህል ያምር እንደነበር ብነግራችሁ ጋሽ በየነ ከመቃብር ይነሣብኛል። ከዚያ ልነጥቀው የደረስኩትን እኔን አስቀምጦ፣ ሌላውን አልፎ፣ ግብ ጠባቂያችንን በተቃራኒው ልኮ አገባ። ዝዋይ በጩኸት ተናወጠ። ያላጨበጨቡት አባቱ ብቻ ናቸው። እሳቸው የሚያዩት እኔን ነው።

ለእረፍት ስንወጣ ጋሽ በየነ የአንገቱን ሥር ገትሮ ጠበቀኝ።

«ሙሽራ የምትሸኝ ነው እኮ የምትመስለው! እጁን ይዘህ ጎል ድረስ ወሰድከው!»

«አሞኛል፤ ቀይረኝ።»

«በማን ልቀይርህ? በሹፌሩ?»

ሁለተኛው ግማሽ ሲጀመር አንድ መላ ታየኝ። ከለማ መራቅ። ኳስ ስትነሣ ወደ ፊት በረርኩ፤ ኳስ ሳይኖርም በረርኩ። የናዝሬት ልጆች «ገልባጭ ነቃ!» ብለው ጨፈሩ። ያጠቃሁት ግን ከአንድ አባት ዓይን ለመሸሽ ነበር። ሸሽቼ ከጥግ ያሻማኋት ኳስ በአጥቂያችን ግንባር ጎል ሆነች። አንድ እኩል ሆንን፤ ጋሽ በየነም ታረቀኝ።

ሊያልቅ ሲል እንደልማዴ ከፊት ነበርኩ፤ ቤቴን ክፍት ትቼ። ኳሷን ቀሙንና ባዶ ሜዳ ላይ ለለማ ወረወሩለት። ያለኝን ሁሉ ሮጥኩ። ልጁ ኳሷን ትንሽ አረዘማት፤ ከእኔም ከእሱም እኩል የራቀች ኳስ ሆነች። እንዲህ ያለችው ኳስ ለእኔ ሠርግና ምላሽ ነበረች። ተንሸራትቼ ገባሁ። እግሬ አየር ላይ ሳለ ያ ኦቦ ሁንዴ በጣታቸው ያሳዩኝ ቦታ ፊት ለፊቴ መጣ። ልክ እዚያው ጋ። ከጉልበቱ በታች፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ። ትንሽ ከጨከንኩ ልጁ ይተርፋል። ትንሽ ከጨከንኩ ያ ሲያልፈኝ ያየሁት አረማመድ ይሰበራል።

እግሬን ሰበሰብኩት።

ኳስ የተጫወታችሁ ታውቃላችሁ፤ በሙሉ ልቡ የገባ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በግማሽ ልቡ የገባ ነው የሚጎዳው። ልጁ በሙሉ ልቡ ነበር የመጣው። ጉልበት ላይ ተደርጎ እንደሚሰበር ደረቅ እንጨት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሁለታችንም ወደቅን።

«ሰበረው! ገልባጭ ሰበረው!» ሕዝቡ አበደ። ኦቦ ሁንዴ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው እየሮጡ መጡ። ቀጥታ ወደ ልጃቸው። ተንበርክከው ቅልጥሙን ዳበሱ። አንዱን እግር፣ ሌላውን እግር፣ እንደገና የመጀመሪያውን።

«አባዬ እኔ ደህና ነኝ! እሱ ነው፣ እሱን እየው!» አለ ለማ።

ዞረው አዩኝ። የሰው ፊት ላይ እፎይታና ለቅሶ እንዲያ ተደባልቀው አይቼ አላውቅም፤ እንዳላይም እጸልያለሁ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና እጃቸው ሥራውን ጀመረ። ለማ ራሴን ጭኑ ላይ አድርጎ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ጩህ፣ አታፍር» አለኝ። እኔም ትእዛዙን አከበርኩ። አጥንቱ ሲገጥም ያሰማሁት ድምፅ የሐይቁን ወፎች አስነሥቷል ብለው በኋላ ነገሩኝ።

ኦቦ ሁንዴ መኪና ላይ ከተናወጠ ይበላሻል ስላሉ ቡድኑ ጥሎኝ ሄደ። እኔን በጋሪ ቤታቸው ወስደው የለማ አልጋ ላይ አስተኙኝ። ማታ ለማ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ከአባቱ ከረጢት ወጥተው እግሬ ላይ የታሰሩትን የቀርከሃ ስንጥሮች ትኩር ብሎ አያቸው። አንድ የተረፈ ስንጥር አነሣና ከራሱ ቅልጥም ጋር አስተያየው። ልክክ አለ። የእኔ እግር ላይ ግን ጫፉ ተርፏል፤ እኔ አጭር ነኝ።

«አባዬ፣ ይኼ መቼ ተቆረጠ?»

ሽማግሌው ወጥተው ሄዱ። ለማ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለዚህ ነው የማትነካኝ የነበረው?» እንባውን በክንዱ ጠረገ። «እኔ እኮ ገልባጭን አታለልኩት፣ አስቀመጥኩት፣ ነገ ብሄድም ይኼን ይዤ እሄዳለሁ ብዬ... የመጨረሻ ጨዋታዬ ነበር! ሰረቃችሁኝ!»

ሰው ሊወስዱት በዋዜማው ያለቅሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በጨዋታ ያለቅሳል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። «ስማ ለማ፣» አልኩት፣ «መጀመሪያ ላይ ፈርቼ ነበር፤ አልክድም። ጎሏን ስታገባ ግን ደርሼብህ ኳሷን ልነጥቅህ ሞክሬ አልቻልኩም። በእናቴ እምላለሁ አልቻልኩም።»

«አትዋሸኝ።»

«እግሬን የሰበርከኝ አንተ፣ ውሸታም የምትለኝ አንተ! ምን ቀረህ?»

ሳያስበው ሳቀ። ያልኩትም እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው።

ሰኞ ማለዳ ለማ «ለስብራትህ ወተት ላምጣልህ» ብሎ ወጣ። እሱ እንደወጣ መኪና ቆመና አንድ ጠመንጃ ያነገበ ሰው በሩ ላይ መጣ። የአካባቢው ሰው አይደለም፤ ከመኪናው ጋር የመጣ ነው።

«ለማ ሁንዴ!»

ኦቦ ሁንዴ መለሱ፤ «እዚያ ተኝቷል። ትናንት ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰበረ።»

ክው አልኩ። ከዚያ ገባኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ።

«አንተ ነህ ለማ?»

«ነኝ» አልኩ፣ ድምፄን እንደ ጎረምሳ አቅጥኜ።

ሰውየው ግንባሬን አየ። «ይኼ የአሥራዎቹ ልጅ ነው?»

«መከራ አስረጅቶት ነው ጓድ» አሉ ኦቦ ሁንዴ። በሌላ ቀን ቢሆን እቀየም ነበር።

ብርድ ልብሱን ገልጦ እግሬን አየ፤ ማበጡንም አየ። ሊወጣ ዞረ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ሊወጣ ዞሮ ነበር። ያኔ ለማ ወተቱን ይዞ ገባ።

«ይኼስ? ወንድሙ ነው?»

ኦቦ ሁንዴ አቀረቀሩ።

«መልካም» አለ ሰውየው። «ከዚህ ቤት አንድ ሰው ተብያለሁ። አንዱ ከተሰበረ ሌላው ይምጣ።»

ለማ አባቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ነገሩ ገባው። ወተቱን እንዳይፈስ አድርጎ ራስጌዬ አስቀመጠ። «ለማ እኔ ነኝ» አለ። «ይኼ የናዝሬቱ ገልባጭ ነው። ካልቀረልኝ በራሴ ስም ልሂድ።»

ሰውየው ሊቆጣኝ አፉን ከፈተና እግሬን አይቶ ተወኝ። በመስኮቱ አየሁ። ሌሎቹ እየተደጋገፉ የወጡበትን መኪና ለማ በአንድ ዝላይ ወጣው። ምን ዓይነት እግር ነበር!

ኦቦ ሁንዴ ልጃቸውን ሸኝተው ተመለሱና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ጣትህን አንቀሳቅስ» አሉኝ። አንቀሳቀስኩ። ማሰሪያውን ላላ አደረጉት።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ሳምንት ሙሉ እሱ ሲተኛ ድንጋይ ይዤ አጠገቡ ቆሜአለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከማሰሪያው ሳያነሡ። «ለእስሩ ግድ አልነበረኝም። እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠግን የኖረ እጅ አልታዘዝ አለኝ። የእኔ እጅ ያልቻለውን የአንተ እግር ባይችል ምን ብዬ ልቀየምህ?»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

እግሬ ደህና አድርጎ ገጠመ። ወደ ሜዳ ግን የተመለሰው ሌላ ሰው ነው። ኳስ መሐል ላይ ስትወድቅ አንድ ነገር ወደ ኋላ ይስበኝ ጀመር፤ ጋሽ በየነም ጥቂት ታግሦ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ወደ ፊት መብረሩም ቀረ። ብታምኑም ባታምኑም፣ ቦታውን የሚጠብቅ ተከላካይ ሆኜ ነው ኳስ ያቆምኩት።

ለማ አልተመለሰም። ሞተ ያለንም የለም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ሲጎርፍ ዝዋይ ሄጄ ከኦቦ ሁንዴ ጋር አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ። ፊት አያዩም ነበር። «ፊት ይለወጣል፤ አረማመድ አይለወጥም» እያሉ እግር እግሩን ነበር የሚያዩት። ብዙ አንካሳ አለፈ። አንዳንዱን ሲያዩ «ይኼን ማነው እንዲህ አበላሽቶ የጠገነው?» ብለው ይነሡና ያስቆሙታል፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ያሹታል፤ የማንም ልጅ ቢሆን። የለማን አረማመድ ሳያዩት ነው የሞቱት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ አዳማ በተባለችው ናዝሬታችን ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ሳይ አላስችል ይለኛል። ዱላዬን ተደግፌ መስመሩ ዳር እቆምና «ወይ በሙሉ ልብህ ግባ፣ ወይ አትግባ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ልጆቹ «እሺ ጋሼ» ብለው ይጠቃቀሱብኛል። ለኳስ ጥሩ ምክር ነው፤ አልጠራጠርም። ማታ ግን ጋደም ስል ያቺ ኳስ ትመጣለች፤ ያ ቅልጥም ይመጣል። በሙሉ ልቤ ብገባ ኖሮ ምናልባት ዛሬ አንድ የሚያነክስ ሽማግሌ ባቱ ላይ የልጅ ልጆቹን ያሳድግ ነበር፤ ወይም በቀጣዩ ዓመት ሲድን ይወስዱት ነበር። በየማታው እገባለሁ። በየማታውም እግሬን እሰበስበዋለሁ።